ጠይብ ማለት ጠቢብ ማለት ነው

ቃል እንደ ሰው ይከብራል፤ እንደ ሰውም ይዋረዳል። ውርደቱ የሚመጣው ግን ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው ልብ ነው። «ጠይብ» የሚባለው ቃል ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የእብናት ገበሬ ማረሻ ሲገዛ የብረቱን ጥንካሬ መርምሮ የሠሪውን ሙያ ያምናል። ነገር ግን ያንኑ ሠሪ «ጠይብ» ሲሉት በደጋው አገር ቃሉ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይህም ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ከሚለው ከአሮጌው አሉባልታ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህም ባለ እጅ የሆነ ሰው ከጎረቤቱ በጋብቻ ሳይተሳሰር፣ ብዙ ጊዜም ርስት ሳይኖረው፣ እየተፈለገና እየተፈራ ኖረ።

የቃሉ ሥር ግን ሌላ ነው። «ጠይብ» የወጣው «ጠቢብ» ከሚለው የግእዝ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ብልኅ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ንጉሥ ሰሎሞን የተመሰገነው በዚህ ስም ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31ም ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ እግዚአብሔር መንፈሱንና ጥበቡን እንደ ሰጠው ተጽፏል። በቀሚስ ጠርዝ የሚወጣው ጌጥ እስከ ዛሬ «ጥበብ» ይባላል። እንግዲህ ሥራው ጥበብ ከተባለ፣ ሠሪው ስለ ምን ይነቀፋል?

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። «ዊዛርድ» የሚባለው የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ብልኅ ከሚል ቃል የወጣ ነው። በ15ኛው ምእት ዓመት ዐዋቂ ሰው ማለት ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠንቋይ ማለት ሆነ። ሰው ምሥጢሩን ያላወቀውን ሙያ ይፈራል፤ የፈራውንም ይሰድባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ጥቅም አስቀድመው ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ነበሩ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ማቅለጫ አቁመው፣ ዋልድማየርንና ሌሎችን የአውሮፓ ባለ እጆች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሠሩ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚያ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ የባዕዱን አንጥረኛ ሸለሙ፤ አገሬው ግን የወንዙን ልጅ ቡዳ ማለቱን አልተወም። ከ40 ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በዐዋጅ ከለከሉ።

ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚያቀናው ግን ማስተዋል ነው። ልጁ በአባቱ ሙያ የሚያፍርበት አገር ነገ ማረሻውን ከሰው እጅ ይለምናል። ስለዚህ «ጠይብ» የሚለውን ቃል ያወረደው ሰው ራሱ ወደ ቀድሞ ክብሩ ሊመልሰው ይገባል፤ ይኸውም ጠቢብ ብሎ በመጥራት ብቻ ሳይሆን እንደ ጠቢብ በማክበር ነው።