ከቡሌ ሶንጎ እስከ ኮሌጅ ክፍል፤ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምን ያስተምራል?

ብቻውን ሲያገኙት ረጋ ያለ፣ ምክንያት የሚሰማ፣ ለጎረቤቱ የሚራራ ሰው ከብዙዎች ጋር ሲቆም ለምን ሌላ ሰው ይሆናል? ይህ ጥያቄ በጌዴኦ ዞን ለሚኖር ሰው የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቤት ንብረቱን ጥሎ ተፈናቅሏል። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና የመንግሥት ቢሮዎች የተፈናቃይ ማረፊያ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ የተጣሉት ሰዎች ከሩቅ የመጡ ባዕዳን አልነበሩም። በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ የሚጋቡ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚሰማ ጎረቤታሞች ናቸው።

ታዲያ ምን ሆነው ነው? ፖለቲከኛው የራሱ መልስ አለው፣ የመሬት ባለሙያውም እንደዚሁ። በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ጌዴኦ ዞን በ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ 850 ሺህ ሕዝብ ይኖርበት ስለነበር የመሬት ጥበቱን ማንም አይክደውም። ከጉጂ ጋር ያለው የወሰን ጥያቄም እ.ኤ.አ በ1995 እና በ1998 ደም ያፋሰሰ የቆየ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የመሬት ጥበት ብቻውን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዲነሳ አያደርግም። በመካከል አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሌላው ሰው ምን እያሰበ ነው ብሎ እንደሚያምን፣ «እኛ» ሲል ማንን እንደሚጨምርና ማንን እንደሚያስቀር። ይህንን የሚያጠናው ትምህርት ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ይባላል።

ትምህርቱ በሁለት ታላላቅ ወንድሞች መካከል የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ሥነ ልቦና አንዱን ሰው ይዞ አእምሮውን፣ ትዝታውንና ጠባዩን ይመረምራል። ሶሲዮሎጂ ደግሞ ኅብረተሰቡን በጥቅሉ ያያል። ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የሚያየው ሰው በሰው ፊት የሚያደርገውን ነው። በጉባኤ ዝም የሚለው፣ በእድር «እሺ» ብሎ ቤቱ ሲገባ «እምቢ» የሚለው፣ ሌሎች ሲሮጡ ምክንያቱን ሳይጠይቅ አብሮ የሚሮጠው ሁሉ የዚህ ትምህርት ጉዳይ ነው።

ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ወገኖቻችን ይህንን ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው ተቋም ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ፣ መግቢያውም የማያስጨንቅ የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ሀበሻ በብዛት በሚኖርበት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀን እየሠራ ማታ የሚማረው ሰው 60 ያህል ክሬዲት ሲያጠናቅቅ አሶሽየት ዲግሪ ይይዛል፤ ያንን ይዞም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት መግባት ይችላል። ማኅበራዊ ሥነ ልቦና አብዛኛውን ጊዜ የ3 ክሬዲት ኮርስ ሲሆን ከጠቅላላ ሥነ ልቦና ቀጥሎ ይወሰዳል። አገር ቤት «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም እምብዛም አይታወቅም፤ የቡሌ ልጅ ቅርቡ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ በ1996 በመምህራን ትምህርትና በጤና ሳይንስ ኮሌጅነት የተጀመረው ይህ ተቋም ዩኒቨርሲቲ የሆነው እ.ኤ.አ በ2006 ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ጠቅላላ ሥነ ልቦና በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ ስለገባ፣ የእርሻም ሆነ የምህንድስና ተማሪ ከዚህ ዕውቀት ደጃፍ መድረሱ አልቀረም።

ችግሩ መጽሐፉ ሲከፈት ይመጣል። ሸሪፍ፣ ታጅፌል፣ ሌዊን፣ ኦልፖርት... የቡሌ ልጅ እነዚህን ስሞች ለፈተና ሸምድዶ ከፈተና በኋላ ቢረሳቸው አይፈረድበትም። የፈረንጅ ስም፣ የፈረንጅ ጣጣ ይመስሉታል። አስተማሪዎች ሳይነግሩት የሚያልፉት ነገር ግን አለ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ቤታቸው የፈረሰባቸው ነበሩ።

ሙዛፈር ሸሪፍ የቱርክ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ በ1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚር ሲገባ ገና ልጅ ነበር፤ አጠገቡ ሰው ሲገደል ማየቱን በኋላ ራሱ ጽፏል። ሄንሪ ታጅፌል የፖላንድ አይሁድ ነበር። በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲዋጋ ተማርኮ የጦርነቱን ዓመታት በጀርመን ምርኮኛ ሆኖ አሳለፈ፤ ሲመለስ ከቤተሰቡ የጠበቀው ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ኩርት ሌዊን ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከጀርመን ወጥቶ አሜሪካ ገባ፤ እናቱን ግን ከሞት አላተረፋትም። እንግዲህ «ጎረቤት ለምን ጠላት ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ያመጡት ከቤተ ሙከራ አይደለም። ከቡሌም ሆነ ከጌደብ፣ ከቀርጫም ሆነ ከኮቾሬ ተፈናቅሎ የተመለሰ ወጣት ይህንን ሲያውቅ መጽሐፉን የሚያነብበት ዓይን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

የሸሪፍን ሙከራ እንይ። በ1954 እ.ኤ.አ ኦክላሆማ ውስጥ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ፓርክ 22 ልጆች ለክረምት ካምፕ ተሰበሰቡ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ፣ ሁሉም የደኅና ቤተሰብ ልጆች፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ ናቸው። በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ «ንስሮች»፣ ሌላው «እባቦች» ተባለ። ሽልማት ያለው ውድድር እንደተጀመረ ስድብ መጣ፣ ባንዲራ ተቃጠለ፣ አንዱ የሌላውን ማደሪያ ወረረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ! ከዚያ ሸሪፍ ማስታረቅ ሞከረ። አብሮ ምሳ ማብላትና ፊልም ማሳየት ፋይዳ አላመጣም፤ እንዲያውም ምግብ መወራወሪያ ሆነ። የበጀው የውሃ መስመራቸው ሲበላሽና የጭነት መኪናቸው አልነሳ ሲል ነው። ሁለቱም ቡድን የሚፈልገው፣ አንዱ ብቻውን የማይፈታው ችግር ሲገጥማቸው ጠቡ እየላላ ሄደ።

መጽሐፍቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ በፊት በ1953 የተደረገውንና ሸሪፍ ራሱ ያቋረጠውን ሙከራ ግን እምብዛም አያነሱም። በዚያኛው ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት አብረው ሰንብተው ጓደኛ ሆነው ነበር። አዋቂዎቹ ተንኮል እየሠሩ ሊያጣሏቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ፤ ከጀርባ የሚነካካ ሰው እንዳለም ጠረጠሩ። ለእኔ ከታዋቂው ሙከራ ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያስገርመኝ። «ማነው የሚያጣላን?» ብሎ መጠየቅ የቻለ ልጅ አልተጣላም።

ታጅፌል ደግሞ በ1970ና በ1971 ባወጣቸው ጽሑፎች ነገሩን ይበልጥ አቀለለው። ለእንግሊዝ ተማሪዎች «አንተ የዚህ ሠዓሊ ወዳጅ ነህ፣ እገሌ ደግሞ የዚያ» ብሎ ከፋፈላቸው። አይተዋወቁም፣ አይነጋገሩም፣ የሚሻሙበትም መሬት የለም። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ወገን አደሉ። የባሰው፣ ብዙዎቹ የራሳቸው ወገን ትንሽ ቢጎዳም እንኳ ከሌላው በልጦ መታየቱን መረጡ። «እኛ»ን ለመፍጠር የደም ቂም አያስፈልግም፤ ስም ብቻ ይበቃል ማለት ነው።

ይህ በእኛ አገር በጣም የተለመዱ ሁለት አባባሎችን አንድ ላይ ይመታል። አንደኛው «እነዚህ ሕዝቦች ድሮም ጠላት ናቸው» የሚለው ነው። የጌዴኦ አባቶች ግን ዳራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ነበሩ ብለው ይተርካሉ፤ የጌዴኦ ባሌና የጉጂ ገዳም የሚመሳሰሉ ሥርዓቶች ናቸው። ሁለተኛው አባባል ደግሞ የባለሥልጣናት ነው፤ «ወንድማማች ሕዝቦች ናቸውና አይጣሉም» ይላል። ወንድምነት ከታሪክ የሚወረስ ብቻ ሳይሆን ዛሬ «እኛ» በሚለው ቃል ውስጥ ማን እንዳለ የሚወሰን ነገር ስለሆነ፣ ይኼኛውም ባዶ ማጽናኛ ነው።

አብሮ መኖርስ አይበቃም ወይ? ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍ መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው እንዲያው በደፈናው አይደለም ብሏል። የተቀራረቡት ሰዎች በዚያ ቦታ እኩል መሆን አለባቸው፣ የጋራ ዓላማ ይኑራቸው፣ ይተባበሩ፤ ባለሥልጣንና ሕግም ይደግፋቸው። በዚህ መለኪያ የ2010ን ነገር ስናይ ገበያው ነበረ፣ ጋብቻው ነበረ፣ የቡና ለቀማው የጋራ ሥራም ነበረ። እኩልነቱና የሕጉ ከለላ ግን ወሰን አካባቢ ለሚኖር ገበሬ ሲሳሳ የቆየ ነገር ነው፤ አንዱ በሌላው ክልል ውስጥ «እንግዳ» ተብሎ ይቆጠራልና። ግጭት ሲነሳ ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው ዝም ካለ፣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይታያል።

ስለ ትምህርቱ ድክመትም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ እንደተመለከተው፣ በታዋቂ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች የመጡ ናቸው። በ2015 ደግሞ 100 ጥናቶች እንደገና ተሠርተው የመጀመሪያው ውጤት የተገኘው ከ40 በመቶ ባነሱት ላይ ነው፤ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ከሁሉ የባሰ ውጤት ካገኙት አንዱ ነበር። ስለዚህ የቡሌ ልጅ የተጻፈውን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል የለበትም። ደጋው፣ እንሰቱና ገብሱ፣ ሶንጎው ያሉበት ቦታ ያልተጠና ቦታ ነው።

ሶንጎ ስል፣ ሀይቻ የሚባሉ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን፣ ጠብ የሚዳኝበትንና ስለ አካባቢው የሚመከርበትን የጌዴኦ ሸንጎ ማለቴ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ የተወራው ስለ ዛፉ፣ ስለ ቡናውና ስለ ትክል ድንጋዩ ነው። እኔ ግን ሶንጎን ሳስብ የሚታወሰኝ ኩርት ሌዊን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ሥጋ አጠራት። መንግሥት የቤት እመቤቶች ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ፈለገ፤ እነሱ ደግሞ ተጸየፉት። (ዱለት ለሚወድ የእኛ አንባቢ ይህ አስቂኝ ነው።) ሌዊን ለአንዳንዶቹ ቡድኖች ጥሩ ንግግር አስደረገ፤ ሌሎቹ ግን ተቀምጠው ራሳቸው እንዲወያዩና በመጨረሻ እጅ አውጥተው እንዲወስኑ አደረገ። በኋላ ሲጠየቁ ንግግር ከሰሙት ውስጥ አዲሱን ሥጋ ያበሰሉት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከተወያዩት ግን 32 በመቶ። ዕውቀቱ አንድ ነው። ልዩነቱ፣ እያንዳንዷ ሴት ጎረቤቷ እጇን ስታወጣ ማየቷ ነው።

ይህ አገራችን ውስጥም ተፈትኗል። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ በ1997 የመሠረተችው ኬ.ኤም.ጂ በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ሲዋጋ፣ ትልቁ እንቅፋት ሰዎች ጉዳቱን አለማወቃቸው ብቻ አልነበረም። ብዙ እናት በልቧ ባትፈልገውም «ልጄን ካላስገረዝኩ ማን ያገባታል?» ትላለች፤ ሁሉም ሌላው ይፈልገዋል ብሎ ያስባል። የማኅበረሰብ ውይይቶቹና ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ የተዳሩባቸው ሠርጎች የሰበሩት ይህንን ነው። ቦጋለች ለዚህ ሥራዋ የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት አግኝታለች። በ2012 ዓ.ም አርፋለች።

ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የሚማር የቡሌ ወጣት ለኮርሱ የሚያቀርበው ጥናት ቢፈልግ፣ ይኸው ጥያቄ ደጁ ላይ አለ። ሠላሳ ሰው ይምረጥ፤ ለየብቻ፣ ስማቸውን ሳይጽፍ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃቸው። አንደኛው «ከወሰኑ ማዶ ካለው ጎረቤትህ ጋር እንደ ድሮው መገበያየት ትፈልጋለህ?» ሁለተኛው «ከዚህ መንደር ሰው ምን ያህሉ ይፈልጋል ብለህ ታስባለህ?» መልሶቹን ጎን ለጎን ይጻፋቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው በልጦ ከተገኘ፣ ወረቀቱን ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለሶንጎውም ያንብብላቸው።