ዳማ ከሴ፦ የጓሮው ሐኪም

በአርሲ ደጋ ክረምት ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ምድጃ ከቦ ይቀመጣል፤ ጉንፋንም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጎበሳም ሆነ በአሰላ፣ አፍንጫ ሲታፈንና ራስ ሲከብድ «ምች መታኝ» ይባልና አንዱ ልጅ ዳማ ከሴ እንዲቀጥፍ ወደ ጓሮ ይላካል።

ዳማ ከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። ይሁንና በሶብላ በየዓመቱ ሲዘራ፣ እሱ የሰው ቁመት የሚያህል ቁጥቋጦ ሆኖ ለዓመታት ይቆያል። ቅርንጫፉን ቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ መትከል ይበቃል። ያለ ገንዘብ ከጎረቤት ጎረቤት የሚዛመተውም ለዚህ ይመስለኛል።

ለጋው ቅጠል በመዳፍ ታሽቶ አረንጓዴ ጭማቂው ሲወጣ መጀመሪያ ይሸተታል። ግንባርና አንገት ይታሽበታል፤ የተረፈው ቡና ላይ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። ኃይለኛው ሽታ አፍንጫን ሲነካ ያስነጥሳል፣ ውሃ ያወርዳል፣ መታፈኑም ላላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት የቅጠሉ ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚያወርድ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን የእናቶቻችን ግምት መሠረት አልባ እንዳልነበረ ይጠቁማል።

ባሕር ዛፍ አፍልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠንስ? ባህላዊ የምንለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። ዛፉ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ለሽታው ምክንያት የሆነው ሲኒዮል የተባለ ዘይት በነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ጀርመኖች ይህንኑ በእንክብል አድርገው በመድኃኒት ቤት ይሸጡታል። ዘይቱን እንዲሁ መጠጣት ግን መርዝ ነው፤ ሕፃንን የፈላ ድስት ላይ ማጎንበስም ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው።

ተራ ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ገደማ በራሱ ይድናል። ቅጠሉ የሚያደርገው እስከዚያ ድረስ ማስታገስ ነው፤ ይህም ቀላል ውለታ አይደለም። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን ለሳንባ ነቀርሳ አክታ ማስመርመር ያስፈልጋል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ የሚገባ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ዳማ ከሴ እስኪታሽ ሳይጠበቅ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።