የርጭት አውሮፕላን ሞተር ሲጠፋ፤ ማሳው ላይ ያለው አርሶ አደር ምን ያድርግ?

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ በወሎና በራያ ማሳዎች ላይ ሲወርድ ብዙዎቻችሁ የርጭት አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አይታችኋል። ልጆች ከሥሩ ሲሮጡ፣ ጎልማሶችም ነጠላ እያውለበለቡ መንጋው ያለበትን ሲያሳዩ ተመልክቻለሁ። ሐሳባቸው በጎ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሞተሩ ቢጠፋ ኖሮ አብራሪው የሚያርፍበትን ሜዳ ሰው ሞልቶት ነበር።

የርጭት አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ሞተር ነው። ከሰብሉ በላይ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ፣ ኬሚካል ተሸክሞ ይበራል። ሞተሩ በዚህ ከፍታ ላይ ከቆመ አብራሪው ያለው ጊዜ የሰከንዶች ነው። ወደ ኋላ ልዙር ቢል ፍጥነት አጥቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ፊት ለፊቱ ያገኘው ሜዳ ላይ ለማረፍ ይሞክራል። ያ ሜዳ የእናንተ ማሳ ሊሆን ይችላል።

ሞተር የሚያጠፉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የነዳጅ ማለቅ፣ ከበርሜል ሲቀዳ ውሃ ወይም ቆሻሻ መግባት፣ በአቧራ ምክንያት የአየር ማጣሪያ መደፈን ይጠቀሳሉ። መንጋው ራሱም አደጋ ነው። በ2012 ዓ.ም ታኅሣሥ መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞተሩንና የፊት መስታወቱን አንበጣ ስለመታው ድሬዳዋ ማረፍ ሳይችል ቀርቶ አዲስ አበባ አርፏል።

ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው ክብደት ለመቀነስ ኬሚካሉን በአንድ ጊዜ ሊደፋው ይችላል። ለአንበጣ የሚረጨው ውሃ ያልተቀላቀለበት ኬሚካል ብዙውን ጊዜ በሄክታር 1 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ነው። 500 ሊትር ተደፋ ማለት ለ500 ሄክታር የሚበቃ መርዝ አንድ ቁራጭ መሬት ላይ ወረደ ማለት ነው። ያን ቦታ ከብት እንዳይግጥበት አጥሩት፤ ሣሩን አትጨዱ፤ በውሃ አታጥቡት፣ ወንዝ ይገባልና። በደረቅ አፈር ከልላችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስታውቁ።

አውሮፕላን ወድቆ ብታገኙ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቅረቡ። ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ አይቅረብ፤ ነዳጅ ፈስሶ ይሆናል። እሳት ከሌለ አብራሪውን አውጡት፤ ኬሚካል የነካው ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ እናንተም እንዲሁ ታጠቡ። ምራቅ ማዝረብረብ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ የመመረዝ ምልክቶች ናቸውና ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱ። የኬሚካሉን ስም ከርጭት ቡድኑ ጠይቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚያ ነው። የወደቀውን ታንክም ሆነ ጀሪካን ለውሃ መያዣ ብሎ ወደ ቤት የሚወስድ እንዳይኖር ጠብቁ፤ ይህን የምለው ባዶ የኬሚካል ጀሪካን በየቤቱ ስለማይ ነው።

ከርጭቱ በፊት ደግሞ አብራሪው ከላይ በቀላሉ የማያየውን ለቡድኑ አሳዩ፦ በማሳው ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በሣር የተሸፈነ ቦይ፣ የድንጋይ ካብ፣ የንብ ቀፎ ያለበት ጓሮ። ከብቶችንና ልጆችን በዋዜማው አርቁ።