በብርድ ወራት የቤትን ቀዳዳ ስለ መዝጋት

የክረምቱ ዝናብ አልፎ ጥቅምት ሲገባ በደባርቅ፥ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት መንደሮች ሁሉ ብርዱ እየበረታ መሄዱ የታወቀ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ቢውልም ሌሊቱ ውርጭ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ በኩል ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ጕዞ ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይሻገራል፤ የመጀመሪያ ሥራውም ጋቢውን መደረብ ነው። የአገሩ ሰው ደግሞ በዚህ ወራት ለገላው ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ያስባል። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ይመርጋል፥ የመስኮቱን ሽንቁር በጨርቅ ይወትፋል፥ ከግድግዳው ራስና ከክዳኑ መካከል ያለውንም ክፍተት በጆንያ ይደፍናል።

ይህ ሥራ በከፊል የሚመሰገን፥ በከፊል ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ብርድን መከላከልና አየርን መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ስለዚህ የትኛው ቀዳዳ ቢዘጋ እንደሚጠቅም፥ የትኛው ደግሞ ከቶ ሊዘጋ እንደማይገባው ለይቶ ማወቅ ለማናቸውም ባለቤት አስፈላጊ ነው።

ቀዳዳው ስለ ምን ተሠራ

በቤት ውስጥ አየር የሚመላለስባቸው ቀዳዳዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በርና መስኮት ነው። ሁለተኛው ከግድግዳው ራስና ከክዳኑ መካከል የሚገኘው ክፍተት ነው፤ የሞቀ አየርና ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጡ ማምለጫቸው በዚህ በኩል ነው። ሦስተኛው ወለላቸው ጣውላ በሆነ ቤቶች መሠረት ላይ፥ ከወለሉ በታች የሚገኘው ትንሽ ቀዳዳ ነው።

ቀድሞ ይሠራ የነበረው የሣር ክዳን ቤት ጭሱን በሣሩ መካከል ያሳልፍ ነበር። በውስጡ የሚቀረው ጭስ ዓይንንና ሳንባን መጕዳቱ ባይቀርም፥ ቤቱ በሙሉ ተደፍኖ አያውቅም። ዛሬ ግን ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፥ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፥ ከበታቹም ኮርኒስ ይወጠራል። እንዲህ ያለው ቤት ንጽሕናው የተሻለ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መስኮቱና የላይኛው ክፍተት ሲዘጋ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለውም። በአሮጌው ቤት ይለመድ የነበረውን የእሳት አያያዝ ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር አደጋ የሚያመጣው ስለዚህ ነው።

የማይታየው መርዝ

እንጨትም ሆነ ኩበት ወይም ከሰል በሚነድበት ጊዜ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን የተባለውን ክፍል ይወስዳል። ኦክሲጅኑ እያነሰ በሄደ መጠን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይበዛል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ጣዕምም የለውም፤ እንደ ጭስ ዓይን አያስለቅስም፥ ጉሮሮም አያስቆጣም። ስለዚህ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ይተነፍሰዋል።

በደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ቀይ ነገር አለ፤ ተግባሩም ኦክሲጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ለአካል ሁሉ ማከፋፈል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር ለመጣበቅ ያለው ኀይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የኦክሲጅኑን ቦታ ይቀማል፤ ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ አካሉ ኦክሲጅን ያጣል። ይህን የመርዙን አሠራር በ1857 እ.ኤ.አ. የገለጠው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ነው።

ምልክቱ በመጀመሪያ ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ ቀጥሎ ጕልበት ይከዳል፥ ሐሳብ ይደናገራል፥ በመጨረሻም ሰው ነፍሱን ይስታል። ተኝቶ ያለ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይሰማው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊያልፍ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት፥ በማሕፀኗ ያለው ፅንስ፥ ሕፃናትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ፈጥነው ይጐዳሉ።

ደገኛ ይህን ነገር አብልጦ ሊፈራው ይገባል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ እጅ 70 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ቀድሞውኑ ያነሰ ነው። ከዚህ ከጥቂቱ ላይ መርዙ ሲቀማ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሚሆን ማስተዋል አያዳግትም።

ይህ አደጋ የድኻ ቤት አደጋ ብቻ አይደለም። ኤሚል ዞላ የተባለው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ደራሲ በ1902 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ እሳት አስነድዶ፥ መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። የጭስ መውጫው ተደፍኖ ስለ ነበር ሌሊቱን ጋዙ ክፍሉን ሞላው፤ በነጋም ጊዜ ደራሲው ሞቶ ተገኘ፥ ባለቤቱ ግን በሕክምና ተረፈች። አንድ የተደፈነ ቀዳዳ ይህን ያህል ጕዳት ሊያደርስ ይችላል።

በሕዝቡ ዘንድ ያሉ ሦስት የተሳሳቱ አስተያየቶች

ብዙ ሰው ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ማንደጃውን ወደ ቤት ቢያገባው ጕዳት የሌለበት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጭስ የሌለው የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድን አብዝቶ ያወጣል፤ አመድ የለበሰ ረመጥ እንኳ እስኪጠፋ ድረስ መርዙን መስጠቱን አያቋርጥም።

ሌላው ደግሞ ዕጣን ማጨስ ወይም በማንደጃው አጠገብ ውሃ ማኖር መርዙን ያጠፋዋል ይላል። ዕጣን የቤቱን ሽታ ይለውጥ እንደ ሆነ እንጂ ጋዙን አያስወግድም፤ ውሃውም አይስበውም።

ሦስተኛው አስተያየት መስኮቱ በጥቂቱ ከተከፈተ ማንደጃ አጠገብ መተኛት ይቻላል የሚለው ነው። የተከፈተ መስኮት ለነቃ ሰው ይረዳል፤ ለተኛ ሰው ግን ዋስትና አይሆንም። በሌሊት ነፋሱ ይለወጣል፥ መስኮቱም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚነድ ነገር ባለበት ክፍል ሰው አይተኛ።

የጭስና የትንፋሽ ነገር

ሰውን ቶሎ ከሚገድለው ጋዝ ሌላ ቀስ በቀስ የሚጐዳ ጭስም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። በእናታቸው ጀርባ ሆነው በምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሕፃናት በሳንባ ምች የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ጭስ ነው።

ደግሞም ብርዱ ሰውን በአንድ ክፍል ይሰበስባል። በተዘጋ ክፍል ከሚተኙት አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ቢኖርበት፥ በሚያስልበት ጊዜ የሚወጡት ጀርሞች በአየሩ ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ የቀሩትም ሌሊቱን በሙሉ ይስቡታል። ጀርሙን በ1882 እ.ኤ.አ. ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ነው፤ ንጹሕ አየር የሚመላለስበትና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ለዚህ ጀርም እንደማይመች ግን ማናቸውም ባለቤት ሊያውቀው ይገባል።

ከወለል በታች ያለው ቀዳዳ

ወለላቸው ጣውላ የሆነ የመኖሪያ ቤቶች፥ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በመሠረታቸው ግንብ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ብዙ ባለቤት በብርድ ወራት እግር የሚያቀዘቅዘው ነፋስ በዚህ በኩል መግባቱን አይቶ ቀዳዳውን በድንጋይና በጭቃ ለዘወትር ይደፍነዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ከወለሉ በታች ሲታፈን ተሸካሚው እንጨት ይሻግታል፥ ይበሰብሳል፥ ምስጥም ይገባበታል፤ ሻጋታውም በሽታ ሆኖ ወደ ክፍሉ ይወጣል።

ነገር ግን በአገራችን ብርዱ የሚበረታው ዝናብ በማይኖርበት በበጋ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ከክረምት በኋላ ከወለሉ በታች ያለው መሬት ደኅና አድርጎ እስኪደርቅ ድረስ ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ይቈዩ። መሬቱ መድረቁ ከተረጋገጠ በኋላ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ሌሊት ሌሊት በሚነሣ የሣንቃ መክደኛ ይከደኑ፥ ቀን ቀን ይከፈቱ። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ግን መክደኛው ሁሉ ይነሣ። አይጥ እንዳይገባ በቀዳዳው ላይ ዐይኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት በማንኛውም ጊዜ ይኑርበት። የዕጣቢ ውሃም ከወለሉ በታች እንዳይገባ ቦይ ተቈፍሮ ይመለስ።

ባለቤቶች ሊያደርጉት የሚገባ

አንደኛ፥ በተኛው ሰው ላይ ቀጥታ የሚነፍሰው የታችኛው ስንጥቅና ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በመኝታ ሰዓት ቢዘጋ መልካም ነው። ከግድግዳው ራስ ያለው የላይኛው ክፍተት ግን ከቶ አይደፈን፤ አልጋውም ከመስኮቱ ትይዩ ፈቀቅ ይበል።

ሁለተኛ፥ ምግብ የሚበስለውና ቡና የሚፈላው ከመኝታ ክፍል በተለየ ማድ ቤት ወይም በደጅ ይሁን። የተለየ ማድ ቤት ለሌለው በርና መስኮት በአንድነት ይከፈቱ፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይገባዋልና።

ሦስተኛ፥ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ፍሙ ጠፍቶ ወይም ሳይጠፋ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ልጅና ከብት በማይደርሱበት፥ ነፋስም ፍሙን በማይበትንበት ቦታ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ሙቀት ከእሳት ሳይሆን ከልብስ ይፈለግ። ጋቢ፥ ቡልኮና ባና፥ ከመኝታው በታችም የሚነጠፍ ድርቆሽ የሞላበት ፍራሽ ወይም ቁርበት፥ ሰውን ያለ አደጋ ያሞቁታል። ልብሱና ምንጣፉ በየጊዜው በፀሐይ ይሰጣ።

አምስተኛ፥ በየጠዋቱ ፀሐይ ስትወጣ በሩና መስኮቱ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ተከፍተው የሌሊቱ አየር ይለወጥ።

ሰው ታፍኖ ቢገኝ

በሩን የሚከፍተው ሰው ትንፋሹን ይዞ ይግባ፥ በሩንና መስኮቱንም ወለል አድርጎ ይክፈት፤ በዚያ ቢዘገይ እርሱም ይወድቃል። የታፈነውን ሰው ወዲያው ወደ ደጅ አውጥቶ ልብስ ያልብሰው። የሚተነፍስ ከሆነ በጐኑ ያስተኛው፤ ትንፋሹ ከቆመ ይህን ሥራ የተማረ ሰው ትንፋሽ ይስጠው። ነፍሱን ለሳተ ሰው ውሃም ሆነ ወተት በአፉ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋልና። ከዚያም ሳይዘገዩ ኦክሲጅን ወደሚገኝበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ነቅቶ ተሻለኝ ቢልም ሐኪም ሳያየው አይቅር፤ ጕዳቱ ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላልና። በዚያው ቤት ያደሩት ሌሎች ሰዎችም አብረው ይመርመሩ።

የመምህራን ድርሻ

በደባርቅና በዳባት ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት መካከል ከገጠር መጥተው፥ ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ወጣቸውን የሚሠሩት፥ የሚያጠኑትም የሚተኙትም በዚያችው ክፍል ነው፤ እንዲህ አድርግ፥ እንዲህ አታድርግ የሚላቸው አባትና እናት በአጠገባቸው የሉም። ስለዚህ የእናት የአባት ምክር ሊሰጣቸው የሚገባው መምህሩና ቤት አከራዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱን እየፈለጠው፥ እያቅለሸለሸው ወደ ክፍል የሚመጣ፥ ወደ ቀትር ሲሆን የሚሻለው ተማሪ ካለ፥ መምህሩ ሰነፍ ነው ከማለቱ በፊት ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚነድ ይጠይቀው። አብረውት የሚያድሩትም እንደ እርሱ ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ምክንያቱ ከማንደጃው ሳይሆን አይቀርምና፥ ያን ዕለት ሌሊት ሳይደገም ነገሩ ይቋረጥ፥ ልጆቹም ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። አከራዮችም ክፍል ሲያከራዩ የላይኛው ክፍተት አለመደፈኑን ይመልከቱ፥ ማንደጃ የሚቀመጥበት የደጅ መጠለያም ያዘጋጁ።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችንም ማሠልጠኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ጤናማ የመኖሪያ ቤት አያያዝን ከትምህርቱ ክፍሎች አንዱ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙው ሕመም የሚጀምረው በቤት ውስጥ ነውና መከላከያውም በቤት ውስጥ ይገኛል። ለዚህኛው አደጋ ደግሞ መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ቀዳዳ ሳይደፍኑ መተውና አንድ ማንደጃ ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ማውጣት ብቻ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፥ ዛሬ ማታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ባለቤት ቤቱን ይመልከት።