ባዮፊልም፦ ውኃ ብቻውን የማያጥበው የባክቴሪያዎች ሰፈር

በ2008 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ በተባለ ባክቴሪያ የተበከለና ተቆራርጦ ለገበያ የቀረበ የበሰለ ሥጋ የተመገቡ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ሥጋው የተዘጋጀው በቶሮንቶ በሚገኝ ትልቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የንጽሕና ደንብ የሌለው አልነበረም፤ የሥጋ መቁረጫ ማሽኖቹ በየጊዜው ይታጠቡ፣ በፀረ ተሕዋስያን ኬሚካልም ይጸዱ ነበር። ይሁን እንጂ ማሽኖቹ ከተለመደው የጽዳት ሥርዓት ባለፈ እስከ መጨረሻው ተፈታተው ሲመረመሩ፣ ብሩሽ በማይደርስበት የውስጥ ክፍላቸው የሥጋ ቅሪት ተከማችቶ ተገኘ። የባክቴሪያው መጠለያም ይኸው ሥፍራ እንደነበረ ታመነበት።

ሊስቴሪያ ከሌሎች የምግብ ወለድ ባክቴሪያዎች የሚለይበት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች መራባታቸውን በሚያቆሙበት የማቀዝቀዣ ሙቀት እርሱ ቀስ እያለ መራባቱን ይቀጥላል። በዕድሜ የገፉትን፣ የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመውን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ገና ያልተወለዱ ልጆቻቸውን አጥብቆ ያጠቃል። ከ2017 እስከ 2018 በደቡብ አፍሪካ ፖሎኒ ከተባለ የተዘጋጀ ሥጋ ጋር በተያያዘ በተከሰተው ወረርሽኝ ከ1000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከታማሚዎቹ ከ40 በመቶ የሚበልጡት ከተወለዱ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ዘወትር በሚታጠብ ብረት ላይ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ለወራት እንዴት ሊሰነብት ይችላል የሚለው ነው። አንባቢ “የፊዚክስ መምህር ስለ ባክቴሪያ ምን አገባው?” ቢል አይፈረድበትም። መልሱን ስንመረምረው ግን ከግማሽ የማያንሰው የፊዚክስ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ባክቴሪያዎች በፈሳሽ ውስጥ በነጠላ ሲዋኙ የሚያሳዩን የቤተ ሙከራ ሥዕሎች በተፈጥሮ ካለው ኑሯቸው ይለያሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው፣ በኅብረት ነው። ይህ ሰፈር ባዮፊልም ይባላል። በወንዝ ድንጋይ ላይ እግራችንን የሚያሙለጨልጨው ሽፋን፣ ጠዋት ጥርሳችን ላይ በምላሳችን የሚሰማን ሻካራ ነገር፣ ሁለቱም ባዮፊልም ናቸው። ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊወንሁክ ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነገር ተመልክቶ ነበር። በ1684 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት በታተመው ጽሑፉ፣ ጥርሱን ያጠበበት ኮምጣጤ የገደለው በቆሻሻው የላይኛው ገጽ ያሉትን ጥቃቅን ፍጡራን ብቻ እንደሆነና ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳልገባ ገልጿል። የባዮፊልም ዋነኛ ችግር ገና በዚያን ጊዜ ተነግሮ ነበር ማለት ይቻላል። ሳይንቲስቶች ጉዳዩን በሰፊው ማጥናት የጀመሩት ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ነው።

አሁን ወደ አጣበቁ ሂደት እንለፍ። የአንድ ባክቴሪያ ርዝመት ከአንድ እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር ነው። በዚህ መጠን ላይ ላለ ፍጡር ውኃ ለእኛ እንደሚሰማን አይሰማውም፤ ዝልግልግነቱ ከሁሉም ኃይል ይበልጣል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርሴል በ1977 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ እንዳሰላው፣ አንድ ባክቴሪያ ጭራውን ማሽከርከር ቢያቆም፣ ገና ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ርቀት ሳይጓዝ ይቆማል። በሌላ በኩል የሚፈስ ፈሳሽ ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ለምሳሌ ያህል 2 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ ውኃ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ቢፈስ፣ ከግድግዳው በ1 ማይክሮሜትር ርቀት ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለእኛ ኃይለኛ ጎርፍ የሚመስለን ከግድግዳው ለተጠጋው ባክቴሪያ እርጋታ ያለበት ሥፍራ ነው። በብረቱ ላይ የባክቴሪያውን ያህል ጥልቀት ያለው ጭረት ካለ ደግሞ እርጋታው ይብሳል። ከምግብ ጋር የሚነካካ የማይዝግ ብረት አማካይ ሻካራነቱ ከ0.8 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ የሚጠየቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና መጠጋት መጣበቅ አይደለም። በውኃ ውስጥ የባክቴሪያው ገጽም ሆነ ባክቴሪያው የሚያርፍበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። በአንጻሩ የቫን ደር ዋልስ ኃይል ይስባቸዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሲደመሩ ባክቴሪያው ከገጹ ጥቂት ናኖሜትር ርቆ በስሱ ተይዞ ይቆያል። በዚህ ደረጃ ያለው ትስስር ደካማ በመሆኑ ውኃ ቢያጥበው ሊለቅ ይችላል። እዚህ ላይ የምግቡ ጠባይ ይገባል። ገፊው ኃይል የሚደርስበት ርቀት በፈሳሹ ውስጥ ባለው የጨው መጠን ይወሰናል፤ ጨው በጣም አነስተኛ በሆነበት ውኃ ወደ 10 ናኖሜትር ይጠጋል፣ እንደ ሰውነታችን ፈሳሽ ጨዋማ በሆነው ውስጥ ግን ከ1 ናኖሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሥጋ ጭማቂ ወይም አይብ የተጨመቀበት ውኃ አጥሩን ዝቅ ያደርግለታል። ከዚህም በላይ የምግቡ ፕሮቲኖች በደቂቃዎች ውስጥ ብረቱን በስስ ሽፋን ይለብጡታል፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የሚያርፈው በብረቱ ሳይሆን በምግቡ ላይ ነው። ባክቴሪያ አይጣበቅበትም ተብሎ የተሠራ ልዩ ገጽ በንጹሕ ውኃ ግሩም ውጤት አሳይቶ ወተት ሲነካው ብልጫው የሚቀንሰው በዚህ ሳቢያ ነው። በበኩሌ ስለ እንዲህ ዓይነት ገጾች የሚነገረውን ሁሉ በጥንቃቄ እሰማዋለሁ።

በስሱ የተያዘው ባክቴሪያ ፀጉር መሰል ዘንጎቹን ዘርግቶ ገፊውን ቀጠና ተሻግሮ ገጹን ይጨብጣል፤ ቀጥሎም ሙጫውን ማመንጨት ይጀምራል። ሙጫው ከፖሊሳካራይድ፣ ከፕሮቲንና ከሕዋስ ውጭ ከሚገኝ ዲ.ኤን.ኤ. የተሠራ ሲሆን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። ውኃው ቢወገድ እንኳ ከደረቁ ክብደት በብዙዎቹ ባዮፊልሞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙጫው ነው፤ ሕዋሳቱ ከአንድ አሥረኛ ያነሱ ናቸው። ሳልሞኔላ ለዚሁ ተግባር ሴሉሎስ ያመርታል፤ ወረቀት የሚሠራበት ያው ሴሉሎስ ማለት ነው! ባዮፊልም ሲገፋ በመጠኑ እንደ ላስቲክ ይመለሳል፣ ግፊቱ ሲረዝም ደግሞ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይሳባል። በላዩ የሚፈሰው ውኃ ሳይነቅለው የሚያልፈው በዚህ ጠባዩ የተነሳ ነው።

ታዲያ በረኪና ለምን አያጠፋውም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ሙጫው አያሳልፍም” የሚል ነው። ይህን መልስ በቀላል ስሌት እንፈትነው። ክሎሪን በውኃ ውስጥ የሚሰራጭበት መጠን በሰከንድ 0.0015 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስርጭቱ የሚወስደው ጊዜ፣ የርቀቱ ካሬ በዚህ መጠን እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ሽፋኑ 0.1 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ 0.01 ለ0.003 ተካፍሎ ከ3 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። ሙጫው ስርጭቱን በግማሽ ቢያዘገየው እንኳ ከ7 ሰከንድ አያልፍም። ስለዚህ ማገድ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እውነተኛው ምክንያት ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ማለቁ ነው። ክሎሪን ሕዋስንና ሙጫን አይለይም፤ ካገኘው ኦርጋኒክ ነገር ሁሉ ጋር ይዋሐዳል። ከላይ ያለው ሙጫ ክሎሪኑን የሚበላበት ፍጥነት ክሎሪኑ ወደ ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት ሲበልጥ፣ ታች ላሉት ሕዋሳት የሚደርሳቸው እጅግ ያነሰ ይሆናል። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እጅግ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶችን በባዮፊልም ውስጥ አስገብተው የክሎሪኑን መጠን ሲለኩ ያገኙትም ይህንኑ ነው። በኮምጣጤ የታጠበው የሊወንሁክ ጥርስም የውስጡ ተርፎ የላዩ ብቻ ሞቶ ነበር። ከዚህ ጋር በሽፋኑ ሥር ያሉት ሕዋሳት ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው እድገታቸውን ይገታሉ፤ የሚያድገውን ሕዋስ ለይተው የሚመቱ መድኃኒቶችም አያገኟቸውም።

በፋብሪካም ሆነ በጓዳ ፈትጎ ማጠብ የሚቀድመው፣ በረኪና የሚከተለው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ኬሚካሉ ቆሻሻውን እያጠቃ ያልቃል። ባዮፊልም ያለ እርጥበት ስለማይሠራም ዕቃን ፈጥኖ ማድረቅ ግማሽ ሥራ ነው። በአገራችን የወተት ቅል ታጥቦ፣ በቅጠል ተፈትጎ፣ በወይራ ጭስ የሚታጠንበት ልማድ ከዚህ አኳያ ሲታይ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነው፦ መጀመሪያ ፍትጊያ፣ ከዚያ የጭሱ ሙቀትና ማድረቅ፣ በላዩም በጭሱ ውስጥ ያሉት ፀረ ባክቴሪያ የሆኑ ፌኖሎች።

ቅሉን የተካው የፕላስቲክ ጀሪካን ግን አይታጠንም፤ አፉም እጅ አያስገባም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች ጠጠርና ውኃ ጨምረው ይነቀንቁታል። ጠጠሩ ሙጫውን በእርግጥ ይነቅላል፤ ውኃ ብቻውን ከሚሠራውም ይበልጣል። ሆኖም ሲደጋገም የጀሪካኑን ውስጥ ይጭራል፤ ጭረቱም ከባክቴሪያው በብዙ እጥፍ የሚሰፋ ነው። አፈ ሰፊ የሆነ፣ እጅ የሚያስገባና ያልተጫረ ዕቃ ለወተት የሚመረጠው፣ ተጭሮ ያረጀው ጀሪካንም ለሌላ አገልግሎት የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።