ሳይታጨድ አይወቃም፦ የመሬት ሰነድ በኮምፒዩተር ሲጓዝ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ቤት ከበሬውና ከሞፈሩ ቀጥሎ በጥንቃቄ የሚጠበቅ ነገር ቢኖር የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ የገበሬው መብት በጽሑፍ የሚረጋገጥበት መንገድ ሲሻሻል መጥቷል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ ደብተሩ አዋሳኞችን ቢዘረዝርም የማሳ ካርታ አልነበረውም። በሁለተኛው ደረጃ ግን ማሳው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል እየተለየ ካርታ ይወጣለታል። ይህንኑ መረጃ ለመያዝና ለማደስ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ተዘጋጅቷል።

ታዲያ ገበሬው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ኮምፒዩተር ሰነድን የሚያስኬደው ባለሙያው አስቀድሞ በደነገገለት መሠረት ብቻ መሆኑ ነው። ድንጋጌውም ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ እነርሱም ተግባርና ተለዋዋጭ ይባላሉ።

ተግባር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ማመልከቻ መቀበል፣ ማስረጃ ማጣራት፣ መመዝገብ፣ በሌላ ባለሙያ ማመሳከር፣ ማጽደቅና ማተም እያንዳንዳቸው ተግባር ናቸው። ሳይታጨድ እንደማይወቃ ሁሉ፣ ሳይመሳከር መጽደቅ የለበትም። የመዘገበው ሰው ራሱ እንዳያጸድቅም ሁለቱ ተግባራት ለተለያዩ ሰዎች ሊሰጡ ይገባል።

ተለዋዋጭ ደግሞ እንደ ቁና ነው፤ ቁናው አንድ ሲሆን የሚሰፈርበት ግን ጤፍም ገብስም ሊሆን ይችላል። የባለይዞታው ስም፣ የማሳው መለያ ቁጥር፣ የጉዳዩ ዓይነትና የጋብቻ ሁኔታ ተለዋዋጮች ናቸው። በቁናው ውስጥ የገባው ነገር የሰነዱን መንገድ ይወስናል። ጉዳዩ ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ የሚጠየቅበት ተግባር ይከፈታል፤ ኪራይ ከሆነ የዘመኑ ብዛት ይጠየቃል፤ ፍቺ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይቀርባል።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ቦታ ገና ሳይሞላ «ያላገባ» ተብሎ እንዲቆም ቢደረግ፣ የቸኮለ ጸሐፊ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ የሚስት ፈቃድ የሚጠየቅበት ተግባር ጨርሶ አይከፈትም። ባል የጋራውን ማሳ ብቻውን ያከራያል፤ ሚስት የምትሰማው ተከራዩ ጥማድ ይዞ ማሳው ላይ ሲቆም ነው። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የ1997 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ስለሆነም እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የጋብቻ ሁኔታን ቦታ ባዶ አድርጎ መተው፣ ካልተሞላም ሰነዱ ወደፊት እንዳይራመድ ማድረግ ይኖርበታል። ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊትም በውርስ፣ በኪራይና በፍቺ የሙከራ ሰነድ ቢያስኬድ፣ ስሕተቱ በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ይታያል።

ገበሬውም ከመፈረሙ በፊት የታተመውን ያስነብብ። የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ቁጥር፣ ስፋቱና አራቱ አዋሳኞች ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጥ። ከጣት አሻራ በፊት የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ የዓመታትን ሙግት ታስቀራለች።