ሰልፍ፣ ሁከት፣ ዐመፅ፦ የአደባባይ ተቃውሞ መጠሪያ ቃላትና የዜና ቋንቋ

ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ በባለሥልጣናት ላይ ቅሬታውን ሲያሰማ ድርጊቱ የሚጠራባቸው የአማርኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሰልፍ፣ ተቃውሞ፣ አድማ፣ ሁከት፣ ብጥብጥ፣ ዐመፅ። በዜና አውታሮች ዘንድ እነዚህ ቃላት እንደ አቻ ተቆጥረው አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። ይሁን እንጂ ከፊሎቹ ድርጊትን ይሰይማሉ፤ የቀሩት ፍርድ ይሰጣሉ።

«ሰልፍ» በግእዝ ጦርነት፣ ውጊያ ማለት ነው። «ሰላማዊ ሰልፍ» የሚለው ሐረግ የዘመኑን ጆሮ ባያስገርምም፣ ለግእዝ አዋቂ «ሰላማዊ ውጊያ» የማለት ያህል ነው። ዛሬ ግን ሐረጉ የሕግ ቃል ሆኗል፤ በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ ጠሪው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሲያዝ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 መብትነቱን ደንግጓል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የ«ዐመፅ» ታሪክ ነው። በግእዝ «ዐመፃ» ግፍ፣ በደል ነው፤ ዐማፂውም በዳዩ ነው። በኋላ ቃሉ ፊቱን አዙሮ በገዢ ላይ የሚነሣውን ሰው መጥሪያ ሆነ። «ተበደልሁ» ብሎ የተነሣው ወገን የበዳይን ስም ወረሰ ማለት ነው፤ የጥንቱ ወቀሳም ከቃሉ ፈጽሞ አልለቀቀም።

«ሰልፍ» ለብቻው ወገን የለውም፤ ወገኑን የሚነግረን ቅጽሉ ነው። ኅዳር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲና በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የብሪታንያ ኤምባሲ ደጃፍ ሰልፍ ተደርጎ ነበር። ሰልፈኞቹ የውጭ መንግሥታትን ይቃወሙ ስለ ነበር «የተቃውሞ ሰልፍ» ቢባል እውነት ነው፤ ለአገራቸው መንግሥት መቆማቸውንም ያሳዩ ስለ ነበር «የድጋፍ ሰልፍ» ቢባልም ሐሰት አይደለም። ዘጋቢው «ማንን በመቃወም?» «ማንን በመደገፍ?» የሚለውን ካልጻፈ፣ አንዱን ቅጽል ብቻ መርጦ የአንባቢውን ፍርድ ቀድሞ ይሰጣል።

የቃል ምርጫ ክብደት በይበልጥ የታየው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ነው። ተቃውሞው ግንቦት 29 ቀን ከእንጦጦ ግርጌ በስድስት ኪሎ ግቢ በተማሪዎች ተጀመረ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ደም ፈሰሰ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ድርጊቱን «ሁከትና ብጥብጥ» ብለው ሰየሙት። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። «በሁከቱ ሕይወታቸው አለፈ» በሚለው አነጋገር ገዳይ የለም፤ ሞትን ያመጣው ሁከቱ ራሱ ይመስላል። «ሕይወቱ አለፈ» ለለቅሶ ቤት የሚገባ ጨዋ አነጋገር ነው፤ በጥይት ለተመታ ሰው ሲነገር ግን ጨዋነቱ ለተኳሹ መሸሸጊያ ይሆናል። አማርኛ «ተገደለ» የሚል ቃል አላጣም፤ «በፖሊስ ጥይት» ብሎ መጨመርም ሰዋስው አያፈርስም።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ዝግጅት «ሰልፍ»ና «ተቃውሞ» ድርጊት ሰያሚ ተብለው ቢመዘገቡ፣ «ሁከት»ና «ብጥብጥ» ግን «ነቀፋ አዘል» የሚል ምልክት ቢደረግባቸው ይበጃል። «አድማ» ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት፤ «አደመ» በስውር መከረ ማለት ሲሆን፣ የታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. እንዳደረጉት ያለው ሥራን በይፋ ማቆምም በዚሁ ቃል ይጠራል።